ተምር በጉንጭ

እኛ ቤት አንድ ሰው የጀመረውን ወሬ ሳይቋረጥ የጨረሰበትን ቀን አላስታውስም። ያደግኩት አዋሽ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ። አባቴ ቲኬት ይሸጥ ነበር፣ እናቴ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፣ እኛ ልጆቹ አምስት ነን። ምሳ ቀርቦ ስንከበው ሰባታችንም እኩል እናወራለን። አንዱ ሲናገር ሌላው የሚጠብቀው አየር እስኪስብ ብቻ ነው፤ አየር የሳበ ተራውን ተቀምቷል። ባቡር ሲያልፍ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፤ ካለፈ በኋላ ዝቅ ማድረጉን እንረሳለን። የድሮው ባቡር ሥራ አቁሞ ሐዲዱ ከዛገ በኋላ እንኳ እኛ እንደጮኽን ቀረን። እናቴ ዛሬም ስልክ ስትደውልልኝ አጠገቤ ያለ ሰው ሁሉ ጤንነቷን ያውቃል።

እንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው ወይ ደላላ ይሆናል ወይ ጠበቃ። እኔ ሕግ ተማርኩ። ጥብቅናውን ጥቂት ሞክሬው ነበር፤ ግን ተቃዋሚ የሚባል ሰው ተነስቶ መልስ የሚሰጥበት ሥራ አልተመቸኝም። ማስተማር ይሻላል። ሰመራ በሚገኝ አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩና፣ ያለ ተቃዋሚ መናገር ጀመርኩ።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ቢሮው ጠራኝ።

«አንቺ የአካባቢው ልጅ ነሽ» አለኝ።

ደስ አለኝ። ከአዋሽ ሰመራ በአውቶቡስ ቀኑን የሚፈጅ መንገድ ቢሆንም፣ ክልሉ ያው አፋር ነውና አልተከራከርኩም። በዚያው የልዩ ድጋፍ አስተባባሪ አደረገኝ። ድጋፉ ከአርብቶ አደር አካባቢ ለሚመጡ ተማሪዎች፣ በተለይ ለሴቶቹ ነው። ሳይሸማቀቁ፣ ሳይደናገሩ፣ ከደጋ ልጆች እኩል ሕግ ተምረው እንዲወጡ መርዳት። «ገባኝ» አልኩት ሳይጨርስ። የእኔ ቃል ይቺ ናት፤ «ገባኝ»። ሰው ግማሽ ላይ ሲደርስ እላትና ቀሪውን ራሴ እጨርስለታለሁ። የማውቀው አፋርኛ ወተት ለመግዛትና ፍየል ከግቢ ለማባረር የሚበቃ መሆኑን ለኃላፊው አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝ።

በአራተኛ ዓመት ክፍል ውስጥ ከአርብቶ አደር ቤት የመጣች ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ረጅም፣ ዝግ ያለች፣ ማስታወሻዋን ከዳር እስከ ዳር ሞልታ የምትጽፍ። ቤቷ ከአሳይታ ወዲያ፣ ወንዙን ተከትሎ ነው። አባቷ መብሎ በሚሉት የሽማግሌዎች ሸንጎ ተቀምጠው ከሚፈርዱት አንዱ ናቸው። በጽሑፍ ፈተና ከክፍሏ ቀዳሚ ነች። «ይህቺን ምን ልደግፋት ነው?» ብዬ ተጨንቄ ነበር። ጭንቀቴ የቆየው የመጀመሪያው ምስለ ችሎት እስኪደርስ ብቻ ነው።

ምስለ ችሎት ተማሪዎች ከሳሽና ተከሳሽ፣ ጠበቃና ዳኛ ሆነው የሚሟገቱበት ልምምድ ነው። ነጥብ ይያዝበታል። ዋና ዳኛ ሆነው የሚቀመጡት ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት መምህር ናቸው፤ ደጋ አገር ብዙ ዓመት እውነተኛ ዳኛ ነበሩ። በእሳቸው ችሎት ዝንብ እንኳ አስፈቅዳ ነው የምትበረው። በዚያን ቀን የከሳሽ ጠበቃ የሆነው አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ሰመራ የተመደበ ቀን አለቀሰ እየተባለ የሚወራበት፣ በእጁ የምትያዝ ትንሽ የባትሪ ማራገቢያ ይዞ የሚዞር፣ ሲናገር እንደሚባረር ሰው የሚፈጥን ልጅ ነው። የተከሳሽ ጠበቃ የእኔ ተማሪ ነች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሿ ውሉን ፈርማለች» አለ ልጁ።

«ዬ» አለች ተማሪዬ።

በጽሑፍ «ዬ» ብዬ የማስቀምጣት ድምፅ አጭር ናት፤ ከጉሮሮ ወጥታ እዚያው ትጠፋለች። አዳራሹ ግን ጸጥ ያለ ስለነበር ሁሉም ሰማት።

«ዕቃውን ተረክባለች።»

«ዬ።»

«የገባችውን ግዴታ ግን እስከ ዛሬ አልተወጣችም።»

«ዬ።»

ዳኛው በመነጽራቸው አናት ላይ አዩዋት። «የተከሳሽ ጠበቃ፣ ሁሉንም አምነሻል ማለት ነው?»

«አላመንኩም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ታዲያ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሰማሁ ነው።»

«መስማት በጆሮ ነው!» አሉ ዳኛው።

ልጁ ሲቀጥል ተማሪዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ታገለች። ከንፈሯን ነከሰች፣ ጠረጴዛውን ያዘች። ሁለተኛው ላይ «ዬ» አመለጣት። ዳኛው መዝገቡ ላይ «ታምኗል» ብለው ጻፉና ዘጉት። ተሟጋቾቹ ወንበራቸውን ሳያሞቁ ችሎቱ አለቀ። የአዲስ አበባው ልጅ ያዘጋጀው ሰባት ገጽ ክርክር እጁ ላይ ቀረ፤ ከተማሪዬ ይልቅ የተናደደው እሱ ነው።

ከአዳራሹ ስንወጣ ያዝኳት። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ቲቸር፣ እኛ ጋር ሰው ሲናገር ይመለስለታል» አለችኝ። «አንዱ ይናገራል፣ አንዱ እየተከተለ ይመልሳል። ካልመለስሽለት አልሰማሽውም ማለት ነው። ሰው እያወራ ዝም ብለሽ ማየት ስድብ ነው።»

«ተቃዋሚሽ ቢሆንም?»

«ተቃዋሚዬ ከሆነማ የበለጠ። ካልሰማሁት ምኑን ነው የምመልስለት? በመብሎ ደግሞ—»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አልኩ። በመብሎ ደግሞ ምን እንደሆነ ያን ቀን አልሰማሁም። ለመስማት ጊዜ አልነበረኝም፤ ድጋፍ ላደርግ ነው።

ድጋፉን በውኃ ጀመርኩ። ተቃዋሚዋ ሲናገር አፏን ሞልታ ውኃ እንድትይዝ፣ ሲጨርስ እንድትውጠው። ሰመራ ውስጥ ውኃ በአፍ ይዞ አለመዋጥ ከሰው አቅም በላይ መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ። በአንድ ልምምድ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ጨረሰችና ሦስት ጊዜ ለመውጣት አስፈቀደች። ቀጥሎ ማስቲካ ሞከርን። ዳኛው አዩዋት፤ እኔንም አዩኝ። በመጨረሻ ተምር አመጣሁ። ከአሳይታ፣ ተምር በሚደርስበት ወቅት የተገዛ፣ ጥሩ ተምር። ተቃዋሚው ሲነሳ አንድ ተምር በግራ ጉንጭ፤ እሱ ሲቀመጥ ፍሬው በመሐረብ ይወጣል። ይህ ሠራ። ጉንጯ ትንሽ ያበጠ ጠበቃ ትመስላለች እንጂ አፏ አልተከፈተም። ከሁለት ወር በኋላ ተምሩም አላስፈለጋት፤ ሰው ሲናገር ቁጭ ብላ እንደ ፎቶ ታያለች። ዳኛው በፊቴ አመሰገኗት። እኔም በሴሚስተሩ ማብቂያ «የተማሪዋ የችሎት ሥነ ሥርዓት ከፍተኛ መሻሻል አሳይቷል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። «ከፍተኛ» የሚለውን አሰመርኩበት።

ለዕረፍት ቤቷ ሄደች። ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ከቢሮዬ ፊት አንድ ነጭ ፒክአፕ ቆመ። አባቷ ወረዱ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው፣ ከኋላ እሷ ወረደች። ሻንጣዋ ግን አልወረደም። ከፒክአፑ ኋላ በገመድ እንደታሰረ ነው።

አባቷ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ነጭ ሽርጥ ለብሰዋል፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። አማርኛቸው የአሳይታ ገበያና የሾፌሮች አማርኛ ነው፤ አንዳንዴ ሲቸግራቸው ልጃቸው ታቀብላቸዋለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። «ሰላም ነሽ? ቤትሽ ሰላም ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሰላም ነን። ከቤት የወጣነው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። መንገድ ላይ የወንድሜን ልጅ አገኘነው፤ ከሚሌ ነው የመጣው፤ ሚሌም ሰላም ነው አለ። ከብቱ—»

«ገባኝ አባቴ፤ የመጡበት ጉዳይ ምን ነበር?» አልኩ።

አልተቆጡም። ዱላቸውን አስተካከሉና ፈገግ አሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። «ሰላም ነሽ? ቤትሽ ሰላም ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሰላም ነን። ከቤት የወጣነው ፀሐይ ሳትበረታ ነው...»

ሚሌ ስንደርስ እንደገና አቋረጥኳቸው። እንደገና ከሰላምታው ጀመሩ። በሦስተኛው ተማሪዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ቲቸር፣ ካቋረጥሽው ከመጀመሪያው ነው። ያን ቀን ልነግርሽ የነበረው ይህን ነው። በመብሎም እንዲሁ ነው። ዬ እያልሽ ተከተይው፤ ቶሎ ያልቃል።»

አማራጭ አልነበረኝም። «ዬ» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያለ ቦታው እያስገባሁ ሽማግሌዎቹን አሳቅኳቸው፤ አባቷ ግን አልሳቁም፤ በእያንዳንዱ «ዬ» ትንሽ እየቀረቡኝ መጡ። የወንድማቸው ልጅ አለፈ፣ ሚሌ አለፈ፣ ከብቱ አለፈ፣ ዝናቡ አለፈ። ከዚያ ነገሩ መጣ።

«ይቺን ልጅ ከአራት ዓመት በፊት ሰጠኋችሁ። የመንግሥት ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚፈርድ ከቤቴ አንድ ሰው ይወቅ ብዬ ነው። ሰው ሳቀብኝ፤ አልሰማሁም። አሁን ቤት መጣች። እናቷ የዓመቱን ወሬ ነገረቻት፤ ዝም። አጎቷ ግመሉ ሞታበት እያዘነ ነገራት፤ ዝም። እኔ አባቷ ተናገርኩ፤ ልጄ እንደ ድንጋይ አየችኝ። እናቷ ታማለች ብላ ቁርአን አስቀራችላት። አልታመመችም። ሰው መስማት ትታለች። ሰው የማይሰማ ምን ይፈርዳል? እወስዳታለሁ።»

አፈርኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ያ የተሰመረበት «ከፍተኛ» ትዝ አለኝ። ተማሪዬን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ቤቷ ስትገባ ልማዱ እንዳልተመለሰላት፣ አፏን ልትከፍት ስትል ጉንጯ ውስጥ ተምር ያለ እየመሰላት እንደተቸገረች በኋላ ነገረችኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ስለ ተምሩም ተናዘዝኩ።

«በተምር?» አሉ አባቷ።

«በተምር።»

«የየት ተምር?»

«የአሳይታ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከሁሉም በላይ የጎዳቸው ይህ ይመስለኛል፤ በገዛ ተምራቸው።

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። በአፋርኛ ተናገረች፤ አባቷ እያንዳንዱ ላይ መለሱላት። ስትጨርስ ለእኔ በአማርኛ አሳጠረችልኝ። «አንድ ዓመት ነው የቀረኝ አልኩት። አንተ ልክ ነህ አልኩት። ሁለቱንም እፈልጋለሁ አልኩት።»

ሐሙስ ምስለ ችሎት እንዳለ ነግራቸው ኖሯል። «ሐሙስ ገብቼ አያታለሁ» አሉ አባቷ። «ሰው እየሰማች፣ ሰውም እየሰማት ከሆነ ትቀራለች። ካልሆነ ሻንጣዋ መኪናው ላይ ነው።»

እኔ ወደ ዳኛው ሮጥኩ። እውነቴን ነው፣ በሰመራ ፀሐይ ሮጥኩ። ልጅቷ ከመለሰች ዳኛው «ታምኗል» ብለው መዝገቡን ይዘጉባታል፤ ዝም ካለች አባቷ ይወስዷታል። ይህን ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ እሳቸው «ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ነው» ብለው ጀመሩ። እኔ ሳልጨርስ እሳቸው፣ እሳቸው ሳይጨርሱ እኔ። ግማሽ ሰዓት ያህል እኩል ተናግረን፣ ማንም ማንንም ሳይሰማ ተለያየን። ቤቴ ያለሁ ነው የመሰለኝ።

ለተማሪዬ ምንም እንዳላሳካሁ ስነግራት አልደነገጠችም። «ዳኛውን ያናገርሻቸው በቢሮ ነው?» አለችኝ። «በቢሮ ነው» አልኳት። «እሳቸው የሚሰሙት በችሎት ነው፣ ቲቸር። በችሎት እጠይቃቸዋለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። መብራት ስላልነበረ ማራገቢያዎቹ ቆመዋል። አባቷና ሁለቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ሲደርሱ ተቀበልኳቸው፤ እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ጥፋት ያጠፋሁት። ዳኛው እንዳያስወጧቸው ፈርቼ፣ «አባቶቼ፣ ከገባችሁ በኋላ አንድም ድምፅ እንዳታሰሙ። አደራ» አልኳቸው። አባቷ አዩኝ። «የቤቱ ሕግ ነው?» አሉ። «ነው» አልኩ። «እሺ» አሉና ገብተው ከኋላ ተቀመጡ።

ጉዳዩን ዳኛው ራሳቸው ያዘጋጁት ነው። በጅቡቲ መንገድ፣ ዲቾቶ ከተማ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና ግመል ገጭቶ ገድሏል፤ የግመሏ ባለቤት የመኪናውን ባለቤት ከሷል። ማን ለማን እንደሚቆም ዕጣ ተጣለ። የአዲስ አበባው ልጅ ለግመሏ ባለቤት ወጣ። የእኔ ተማሪ፣ የመብሎ ሽማግሌ ልጅ፣ አባቷ ከኋላ ዱላቸውን ይዘው እያዩ፣ ለመኪናው ወጣች። ዕጣ የሚባለው ነገር የሚሠራው እንዲህ ነው።

ዳኛው ችሎቱን ሊከፍቱ ሲሉ ተማሪዬ ተነሳች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ አቤቱታ አለኝ።»

«ቀጥይ።»

«ተቃዋሚዬ ሲናገር እኔ በአጭሩ እመልስለታለሁ። ይህ መስማቴን እንጂ ማመኔን የሚገልጽ ተደርጎ እንዳይወሰድ፣ መዝገቡ ላይም እንደ እምነት ቃል እንዳይያዝብኝ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ እጠይቃለሁ።»

«በየትኛው አንቀጽ?» አሉ ዳኛው። ይህ ጥያቄ ስንቱን ተማሪ አስቀምጧል።

«በየትኛውም አንቀጽ አልተከለከለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የተከለከለው ችሎት ማወክ ነው። እኔ ብመልስም ተቃዋሚዬ እንደማይታወክ ራሱን መጠየቅ ይቻላል።»

ዳኛው ወደ አዲስ አበባው ልጅ ዞሩ። ልጁ ማራገቢያውን አጠፋ። «ባለፈው ክርክሬን አሳጥራብኛለች» አለ። «ዛሬ እስከ መጨረሻ እንድናገር ከተወችኝ፣ እንደፈለገች ትበል።»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ወደ እኔ አላዩም። በመጨረሻ እየተናገሩ ጻፉ፤ «በዚህ ችሎት የሚሰማ ሰው መስማቱን በአጭር ድምፅ ቢገልጽ እንደ ማመን አይቆጠርም፣ እንደ ማወክም አይቆጠርም። በአጭሩ ብቻ!» የመጨረሻዋን ጠረጴዛ እየመቱ ነው ያሏት።

ልጁ ጀመረ፤ እንደ ልማዱ እየፈጠነ። «ግመሉ በመንገዱ ዳር በሰላም ሲዝናና ነበር።» ከኋላ የሽማግሌዎቹ ዱላ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ግመል ሲዝናና በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። ተማሪዬ ግን «ዬ» አለች፤ ሳትስቅ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

«የደንበኛዬ ብቸኛ ሀብት ነበር።»

«ዬ።»

«ልጆቹ ወተት የሚጠጡት ከእሱ ነበር።»

«ዬ» አለች፤ እዚህ ላይ ግን ሽማግሌዎቹን ማየት አልደፈርኩም።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ልጁ ቀስ ማለት ጀመረ። የሚባረረው ሰው ቆመ፤ ማንም እየቀማው እንዳልሆነ ገባው መሰለኝ። አየር ሳበ፤ ማንም ተራውን አልወሰደበትም። ወረቀቱን አስቀመጠና ለእሷ ይነግራት ጀመር። መንገዱን ነገራት፣ ሙቀቱን ነገራት፣ የግመሏን ባለቤት ሐዘን ነገራት። «ዬ... ዬ...» ስትለው ያልተዘጋጀበትንም ነገራት።

«እረኛው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሻይ ሊጠጣ ዲቾቶ ገብቶ ነበር።»

«ዬ።»

«ግመሉን ብቻውን መንገድ ላይ ትቶ።»

«ዬ።»

ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። ዳኛው ብዕራቸውን አንስተው ነበር። የእረኛው ነገር መዝገቡ ውስጥ ነበር፣ ግን በዚህኛውም ሰባት ገጽ ሊሸፍነው ያሰበው ነው። በኋላ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ሰመራ ከመጣሁ እንዲህ የሰማኝ ሰው የለም፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው እሱም በእኔ የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ መግባት የነበረበት ልጅ መሆኑ የታየኝ። ለካ ከሩቅ የመጣው እሱ ነው።

ተራው የተማሪዬ ሆነ። ተነሳች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የግመሏ ባለቤት ጉዳት እውነተኛ ነው።»

ጸጥታ።

«ነገር ግን ጉዳቱ ላይ የራሱ እረኛ ድርሻ አለበት።»

ጸጥታ። ሦስተኛውን ልትናገር አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ወደ ኋላ አየች። አባቷ ዱላቸውን ይዘው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ እንደ ድንጋይ ያዩዋታል። ሁለቱ ሽማግሌዎችም እንደ ድንጋይ። አዳራሹ በሙሉ እንደ ድንጋይ።

«ቀጥይ» አሉ ዳኛው።

አልቀጠለችም። እንደ መጀመሪያው ችሎት ጠረጴዛውን ያዘች። አባቷ «ሰውም እየሰማት ከሆነ» ያሉት ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ በር ላይ ያልኳቸው። ሰውየው ልጄን አልሰማም ብለው ሳይሆን፣ እኔ ከልክያቸው ነው። የቤቱን ሕግ አክብረው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እንዲሰማት በቆመችበት ቀን፣ የሚሰማትን ሰው ሁሉ አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ፒክአፑን በመስኮቱ በኩል አየሁት፤ ሻንጣዋም ይታያል።

ተማሪዬ እንደምንም ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር አወጣችው። «እረኛ የሌላት ግመል መንገድ ላይ አትተውም።»

«ዬ!» አልኩ።

በአዋሽ ድምፅ ነው ያልኩት፤ ባቡር የሚያልፍበት ድምፅ። ከፊት የተቀመጡ ተማሪዎች ዘለሉ።

«አስተባባሪዋ!» አሉ ዳኛው ጠረጴዛውን እየመቱ።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለች ተማሪዬ፣ ጠረጴዛውን ለቅቃ፤ «ቀደም ሲል የተሰጠው ትእዛዝ ‘በዚህ ችሎት የሚሰማ ሰው’ ይላል። ተሟጋች ብቻ አይልም።»

ዳኛው መዝገባቸውን ገልጠው የጻፉትን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። «በአጭሩ፣ ብያለሁ» አሉ ለእኔ። «በቀስታም።»

ወደ ኋላ ዞሬ አባቷን አየሁና ራሴን ነቀነቅኩላቸው፤ ይቻላል አልኳቸው በዓይኔ። ተማሪዬ ቀጠለች። «ለግመሏ የሚያዝን ሰው፣ መጀመሪያ እረኛ ያቆምላታል።»

«ዬ» አሉ አባቷ ከኋላ።

እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ልጅቷ ቁመት ጨመረች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ገቡበት፤ የአዲስ አበባው ልጅ፣ ተቃዋሚዋ፣ «ዬ» አለላት፤ እኔም በአጭሩና በቀስታ አልኩ። የጻፈችውን ወረቀት አላየችም። የተናገረችው ረጅም አልነበረም፤ ግን አንድም ቃል መሬት አልወደቀም። ዳኛውም ሳያውቁት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ስነግራቸው ክደዋል።

ፍርዱ ጉዳቱን ሁለቱ ወገኖች ይካፈሉት አለ። እኔ በደንብ አልሰማሁትም። ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር።

ከአዳራሹ ወጥተን ፒክአፑ አጠገብ ቆምን። ገመዱ እንደታሰረ ነው። አባቷ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና ወደ እኔ ዞሩ። ተማሪዬ ከጎኔ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም።»

«ዛሬ ጠዋት ሰመራ ሻይ ጠጣን። ሻዩ ጥሩ ነበር።»

«ዬ።»

«ከዚያ ቤታችሁ ገባን። ወንበሩ ይሞቃል።»

«ዬ።»

«ያ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው። ግመል ግን አያውቅም። ሴቷን ወንድ አደረጋት፣ ወተትም አጠጣባት። ግመል አሳዩት።»

«ዬ» አልኩ። አፌ ላይ የመጣውን ጥያቄ ዋጥኩት።

«ልጄ የተናገረችው ልክ ነው። እረኛው አጥፍቷል። ግመሏ የየትኛው ጎሳ እንደሆነች ግን ማንም አልጠየቀም፤ ይህ የችሎቱ ጉድለት ነው።»

«ዬ።»

«ዝናብ በወንዙ ማዶ ጥሏል ይላሉ።»

«ዬ።»

«ሻንጣዋን አውርዱላት» አሉ፤ ዝናቡን በነገሩኝ በዚያው ድምፅ፤ «ሣሩም ወጥቷል ይላሉ።»

አፌ ተከፈተ። ልጮህ ነበር፤ ላቅፋቸው ነበር፤ «ገባኝ!» ልል ነበር። ተማሪዬ እግሬን ረገጠችኝ፤ አጥብቃ። ካቋረጥኳቸው ከሰላምታው ነው የሚጀምሩት፤ ሻዩን፣ ወንበሩን፣ ግመሏን፣ ሁሉንም። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ሻንጣው ላይ ሲደርሱ ሐሳባቸው እንደማይቀየር ማን ያውቃል?

«ዬ» አልኩ፤ እንባዬ እየወረደ።

ሣሩ ከየት እስከ የት እንደወጣ ነገሩኝ። ሁለት የወለደችውን ፍየል ነገሩኝ፤ መንትዮቹ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጆሮዋ ብቻ ጥቁር። ከኋላዬ ገመዱ ሲፈታ ሰማሁ፤ ሻንጣው መሬት ሲነካም ሰማሁ። አልዞርኩም። እሳቸው እስኪጨርሱ ድረስ ቆሜ ሰማኋቸው።